የካርቱም ፋብሪካዎች እንደገና ሲቋቋሙ

አንድ መንግሥት ለኢንዱስትሪና ለአዲስ የሥራ ጥበብ የተለየ ቦታ ከልሎ የቀረጥ ምሕረት ሲያደርግ፥ ዓላማው ምርት እንዲበዛ ነው። ነገር ግን ምርቱ የሚበዛው የከተማውን ውሃና አየር በማቆሸሽ ከሆነ፥ ነጋዴው ያተረፈውን ነዋሪው በሕመም ይከፍለዋል። ይህ ጉዳይ ዛሬ በካርቱም በብርቱ ሊታሰብበት የሚገባ ነው።

ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በሱዳን ጦር ሠራዊትና በፈጥኖ ደራሽ ኃይል መካከል ጦርነት ከተነሣ በኋላ፥ ከጥቁር ዓባይ ማዶ በባሕሪ የሚገኘው ታላቁ የፋብሪካዎች ሠፈር ተዘረፈ፥ ተቃጠለ። የኤሌክትሪክ ገመዱና ትራንስፎርመሩ ሳይቀር ለመዳቡ ሲባል ተነቅሎ ተወሰደ። ሠራዊቱ በመጋቢት ወር 2017 ዓ.ም. ቤተ መንግሥቱን መልሶ ከያዘ ወዲህ ግን የማደሱ ሥራ ተጀምሯል። ስለዚህ የቀድሞውን ስሕተት ላለመድገም ጊዜው አሁን ነው።

ነፃ ቀጠና መከለል ለሱዳን አዲስ ነገር አይደለም፤ ከካርቱም በስተ ሰሜን በገሪ እንዲህ ያለ ቀጠና ተቋቁሞ ነበር። ዳሩ ግን የቀረጥ ምሕረት ብቻውን ፋብሪካን ንጹሕ አያደርግም። የሚያስፈልገው አንዱ ባለፋብሪካ ለብቻው ሊያቆመው የማይችለውን ነገር ለሁሉ በአንድነት ማቆም ነው።

ለዚህ በቅርብ የሚገኘው ምሳሌ ሐዋሳ ነው። በሐምሌ ወር 2008 ዓ.ም. የተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርክ አንድ የጋራ ማጣሪያ ስላለው፥ ከፋብሪካዎቹ የሚወጣው ውሃ ወደ ሐይቁ እንዳይፈስ፥ ተጣርቶም እንደገና እንዲያገለግል ሆኖ ተሠርቷል። ይሁን እንጂ ኢትዮጵያ በ2014 ዓ.ም. ወደ አሜሪካ ያለ ቀረጥ የመሸጥን መብት ባጣች ጊዜ፥ ትልቅ የልብስ ኩባንያ ከፓርኩ ወጥቷል። ማጣሪያው የገበያን ቦታ ሊተካ አይችልም።

ሁለተኛው ነገር ኃይል ነው። የመረዌ ግድብ 1,250 ሜጋዋት የማመንጨት ችሎታ ቢኖረውም፥ በጥር ወር 2017 ዓ.ም. የኤሌክትሪክ ጣቢያው በድሮን በተመታ ጊዜ ብዙ ከተሞች በጨለማ ተዋጡ። መብራት በጠፋ ቁጥር እያንዳንዱ ፋብሪካ በናፍጣ ሞተር ከሠራ፥ ወጪውም ጢሱም ይበዛል። ብዙ ሱዳናውያን በቤታቸውና በውሃ መሳቢያቸው ላይ የፀሐይ ኃይል መሣሪያ መትከላቸው ለቀጠናው መንገድ ያሳያል።

ሦስተኛው ዕውቀት ነው። የቻይናዋ ሼንዘን በ1972 ዓ.ም. ልዩ ቀጠና ስትሆን በርካሽ ጉልበት ጀመረች፤ በ2010 ዓ.ም. ግን ከ16,000 የሚበልጡ አውቶቡሶችዋ ሁሉ በኤሌክትሪክ የሚሄዱ ሆኑ፤ አብዛኞቹንም የሠራው የዚያው ከተማ ኩባንያ ነው። የካርቱም ዩኒቨርሲቲንና የባሕሪን ፋብሪካዎች የሚለያቸው አንድ ወንዝ ብቻ ነው።

እንግዲህ ፈቃድ የሚሰጥ ሹም ከቀረጡ ምሕረት አስቀድሞ ስለ ማጣሪያው፥ ስለ ኃይሉና ስለ ባለሙያው ሊጠይቅ ይገባዋል። ነጋዴውም ቢሆን ይህን እንደ ሸክም ሳይሆን እንደ ዋስትና ሊቈጥረው ይገባል፤ ቆሻሻው የሚፈስበት ዓባይ የሚጠጣውም ውሃ ነውና።