የዕቁብ ዕጣና የፒክ ስሪ ቁጥር

12 ሰዎች በየወሩ 500 ዶላር የሚጥሉበት ዕቁብ አለ እንበል። በመጀመሪያው ወር የእያንዳንዱ ሰው ዕድል ከ12 አንድ ነው። ያልደረሰው በሁለተኛው ወር ከ11 አንድ፣ በሦስተኛው ከ10 አንድ ይሆንለታል። 12፣ 11፣ 10፣ 9 እያለ በእኩል ልዩነት የሚወርደው ተርታ በትምህርት ቤት አሪትሜቲክ ሲኩዌንስ የሚባለው ነው። ተርታው 1 ላይ ሲደርስ የመጨረሻው ሰው 6,000 ዶላሩን ያለ ጥርጥር ይወስዳል። ቀድሞ የደረሳቸው መክፈላቸውን ካላቋረጡ ማለት ነው፤ እሱ የዳኛው ራስ ምታት ነው።

በሜሪላንድና በቨርጂኒያ የሚሸጠው ፒክ ስሪ ሎተሪ ግን ይህ ጠባይ የለውም። ከ000 እስከ 999 ያሉት ቁጥሮች 1,000 ናቸው። «ይህ ቁጥር ከወጣ ቆይቷል፣ ሰሞኑን አይቀርም» እያሉ ያንኑ ቁጥር በየቀኑ የሚቆርጡ ወገኖች ጥቂት አይደሉም። በዕቁብ የደረሰው ሰው ስም ከዕጣው ይወጣል፤ በሎተሪው ግን ትናንት የወጣው ቁጥር ዛሬም ተመልሶ ይገባል። ስለዚህ አንድ ዓመት የጠበቀውም ሆነ ዛሬ የጀመረው ዕድላቸው ያው ከ1,000 አንድ ነው። ቁጥሩ በቅደም ተከተሉ ሲገጥም አንድ ዶላር 500 ያስገኛል። 1,000 ጊዜ አንድ አንድ ዶላር የቆረጠ ሰው በአማካይ የሚመለስለት 500 ነው። ቀሪው 500 የአንድ ወር ዕቁብ ይጥል ነበር።