«ለእምነቴ ነው» አትበሉን

ማታ ማታ ቲክቶክ ላይ የምታዩትን ታውቁታላችሁ። ስክሪኑ ለሁለት ተከፍሏል፤ በአንዱ በኩል ነጠላ ያጣፋ፣ በሌላው መጽሐፍ ቅዱስ የያዘ ወጣት። አንዱ «መናፍቅ» ይላል፣ ሌላው «ጣዖት አምላኪ» ይመልሳል። ተመልካቹ ስጦታ ያዘንባል። ሁለቱንም «ምነው?» ብትሏቸው መልሳቸው አንድ ነው፦ «ለእምነቴ ነው»።

እኔ አላምናቸውም። የሚያጣላን የእምነት ልዩነት ቢሆን ኖሮ፣ እምነታቸው አንድ የሆነ ሰዎች ባልተጣሉ ነበር።

እስቲ የቅርቡን እናስታውስ። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ደርግ ከወደቀ በኋላ ለሩብ ምዕተ ዓመት ገደማ አዲስ አበባና አሜሪካ ተከፍላ ኖረች። ዶግማው ያው፣ ቅዳሴው ያው፣ ጾሙ ያው። ዋሽንግተን ያለ ምእመን ግን ደብር የሚመርጠው በቅዳሴው የማን ፓትርያርክ ስም እንደሚጠራ አይቶ ነበር፤ የአቡነ ጳውሎስ ወይስ የአቡነ መርቆሬዎስ? ሁለቱም ያልጣመው «ገለልተኛ» ይሄዳል። በሐምሌ 2010 ዓ.ም. እርቅ ወረደ፣ አቡነ መርቆሬዎስም ወደ አገራቸው ተመለሱ። ልብ በሉ፤ ሲታረቁ ማንም እምነቱን አልቀየረም። የሚቀየር እምነት ድሮም አልነበረማ!

ታዲያ አምስት ዓመት እንኳ ሳይሞላ፣ በጥር 2015 ዓ.ም. በኤጲስ ቆጶሳት ሹመት እንደገና ተናጥን። የሰው ሕይወትም ጠፋ። ወንጌላውያኑስ ቢሆኑ? በመሪዎች ጠብ ለሁለት ተከፍሎ ታፔላ የለወጠ አጥቢያ ስንቱ ነው።

አሁን ደግሞ ሰፈራችሁን እዩ። ዕድሩ ውስጥ ኦርቶዶክሱም፣ ጴንጤውም፣ ሙስሊሙም አለ። ቄሱ ፍትሐት ሲያደርሱ ጴንጤው ጎረቤት ራቅ ብሎ ቆሞ ይጠብቃል። ፓስተሩ ሲሰብክ እትዬ ነጠላቸውን ዘቅዝቀው ድንኳኑ ጥግ ይቀመጣሉ። ሁልጊዜ እንዲህ አልነበረም፤ የጴንጤ አስከሬን መቃብር የተከለከለበት ጊዜ ነበር፣ ይህንን መካድ አያስፈልግም። ዛሬ ግን በብዙ ሰፈር አብረው ይቀብራሉ፤ ማንም እምነቱን ሳይተው።

አንድ እምነት ያላቸው ተለያዩ፣ የተለያየ እምነት ያላቸው አብረው ድንኳን ተከሉ። እንግዲህ አንድነት መመሳሰል አይደለም፤ ውሳኔ ነው።

ገዳይ እንኳ ይህንን ያውቅ ነበር። በ1971 ዓ.ም. ደርግ የኦርቶዶክሱን ፓትርያርክ አቡነ ቴዎፍሎስንም፣ የመካነ ኢየሱሱን ቄስ ጉዲና ቱምሳንም ገደለ። ለቤተሰብ አስከሬን እንኳ አልሰጠም። አጽማቸው የተገኘው ሥርዓቱ ከወደቀ በኋላ ነው። ለገዳያቸው ሁለቱም ያው ክርስቲያን ነበሩ። እኛ ነን በኮሜንት የምንለያያቸው።

«እና ስህተት ሲሰበክ ዝም እንበል?» ትሉኛላችሁ። ኧረ በፍጹም! ልዩነቱ እውነተኛ ነው፣ ትልቅም ነው፤ ተከራከሩ። ግን አንድ መመዘኛ ልስጣችሁ፦ የምትከራከረው ሰው እናቱ ብትሞት ለቅሶ ትደርሳለህ? ከደረስክ ክርክርህ የእምነት ነው። ካልደረስክ ግን የምትደግፈው ክለብ ነው ያለህ።

ጌታ በተያዘባት ሌሊት ስለሚያምኑበት ሁሉ አንድ እንዲሆኑ ጸለየ። መባህን ይዘህ መጥተህ የተቀየመህ ወንድም ትዝ ካለህ፣ መባውን እዚያው ትተህ መጀመሪያ ታረቅ ያለውም እሱ ነው። በቅዳሴ መሀል ዲያቆኑ ሰላም ተባባሉ ሲል ግራና ቀኝ ላለው ሰው ጎንበስ የምንለው ለወጉ አይደለም። እሁድ ጠዋት ጎንበስ ያለ አንገት ማታ ላይቭ ላይ ለስድብ ከተቀናማ፣ ጠዋት ምን እያደረገ ነበር?

ስለዚህ ዛሬ ማታ ላይቭ ከመግባትህ በፊት ያኮረፍከው ሰው ጋ ደውል። እሱን ሳታደርግ «ለእምነቴ ነው» አትበለን።