ካልፈረማችሁም ፈርማችኋል

በአንድ ቅዳሜ የወጣቶች ፕሮግራም ላይ ስለ እጮኝነት ጥያቄዎች በወረቀት ተሰበሰቡ። አንዱ እንዲህ ይላል፦ «እጮኛዬ ከሠርጋችን በፊት የጋብቻ ውል እንፈራረም አለችኝ። አታምነኝም ማለት ነው? ልተዋት ወይ?» አዳራሹ ሳቀ። መድረኩን የያዘው ወንድም፣ «በእግዚአብሔር የሚታመን ሰው ወረቀት አያስፈልገውም፤ ይህ የእምነት ማነስ ነው» ብሎ ወደሚቀጥለው ጥያቄ አለፈ። «አሜን!» ተባለ። እኔም አሜን ካሉት አንዱ ነበርኩ። ዛሬ ያንን አሜን መልሼ መውሰድ እፈልጋለሁ።

ለመሆኑ ወረቀት የጠላነው ከመቼ ወዲህ ነው? ለአዳራሹ ኪራይ ውል እንፈርማለን። ለቪዲዮና ለፎቶ ቀብድ ከፍለን ደረሰኝ እንቀበላለን። ለአንድ ቀን ለሚለበስ ቬሎ እንኳ «ቢቀደድ እከፍላለሁ» ብለን እንፈርማለን። ብዙ አብያተ ክርስቲያናት ከጋብቻ ትምህርቱ ጋር የጤና ምርመራ ውጤት ይጠይቃሉ፤ ይህን አለመተማመን ነው ያለ ሰው አልሰማሁም። ለአንድ ቀን ድግስ መጠንቀቅ እምነት ካላጎደለ፣ ለዕድሜ ልክ ኑሮ መጠንቀቅ እንዴት ያጎድላል?

ደግሞስ ያለ ውል የተጋባ ማን አለ? የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ ለማይፈርሙት ሁሉ ውላቸውን ጽፎ አስቀምጦላቸዋል። በመጋቢ ፊት ብትጋቡም በክብር መዝገብ ሹም ፊት ብትጋቡም ውጤቱ አንድ ነው። ከጋብቻ በፊት የነበራችሁ፣ እንዲሁም በውርስ ወይም በስጦታ ያገኛችሁት የግላችሁ ነው። ከሠርጉ በኋላ ሠርታችሁ የምታገኙት የጋራ ነው። ከግል ቤታችሁ የሚመጣው ኪራይም የጋራ ነው። የግል መሆኑ ያልተረጋገጠ ንብረት በአንዳችሁ ስም ብቻ ቢመዘገብም እንደ ጋራ ይቆጠራል። ሕጉ መጥፎ ነው አልልም፤ ደሞዝ ሳይኖራት ቤት ውላ ልጅ የምታሳድገውን እህት ይጠብቃል። ግን ስንቶቻችን አንብበነው ነው ቃል ኪዳን የገባነው?

አሁን ወደዚያች እጮኛ እንመለስ። ማን እንደሆነች አላውቅም። ግን እንዲህ ብትሆንስ? አባቷ ሲሞት ቤቱ በእርሷ ስም ዞሯል፤ ኪራዩ የሁለት ታናናሾቿን ትምህርት ቤት ይከፍላል። ያለ ውል ካገባች ኪራዩ የጋራ ሀብት ይሆናል። ቤቱ የማን እንደሆነም ከዓመታት በኋላ በማስረጃ ማከራከሩ አይቀርም። «እንፈራረም» ስትል፣ «ታናናሾቼን እንዳልበድል እርዳኝ» ማለቷ ቢሆንስ? እኛ እኮ ስቀንባታል!

«ውል መፈራረም ፍቺን ማሰብ ነው» የሚሉ ወገኖች አሉ። ትዳር የሚያበቃው ግን በፍቺ ብቻ አይደለም፤ «ሞት እስኪለየን» ብለን ቃል የምንገባው ራሳችን ነን። በሐዘን ቤት ውስጥ «ይህ የማን ነው?» የሚል ጭቅጭቅ ሲነሣ በጣም የሚጎዱት እርስ በርስ የተዋደዱት ናቸው። ቦዔዝን አስቡት። ሌሊት በአውድማው ለሩት ቃል ሰጣት። ሲነጋ ወደ ከተማይቱ በር ወጣ፤ ዐሥር ሽማግሌዎችን አስቀምጦ የእርሻውንም የእርሷንም ነገር በምስክሮች ፊት ጨረሰ፤ ከዚያ አገባት (ሩት 4)። ይህን ያደረገው ፍቅሩ ስለ ቀዘቀዘ ነው? ሐናንያና ሰጲራ ደግሞ ያለ ጭቅጭቅ የተስማሙ ባልና ሚስት ነበሩ። ጴጥሮስ መሬቱ የራሳቸው እንደነበረ አልካደም፤ የወቀሳቸው ስለ መደበቃቸው ነው (ሐዋ. 5)።

ይህን ስል ማንኛውም ውል ይፈረም ማለቴ አይደለም። «የምሠራው ሁሉ የእኔ፣ የምትሠሪው ሁሉ የአንቺ» የሚል ውል አንድ ሥጋ መሆንን በፊርማ ይሽራል፤ ሥራዋን ትታ ልጅ የምታሳድገውን ባዶ እጇን ያስቀራል። አትፈርሙ። የጥሪ ካርድ ከተበተነ በኋላ በሠርጉ ሳምንት «ፈርሚ» ተብሎ የሚቀርብ ወረቀትም ማስገደድ ነው። እምቢ በሉ።

ውሉ በጊዜ፣ ሕግ የሚያውቅ ሰው አማክራችሁ፣ በሁለታችሁ ፈቃድ ይጻፍ። ይዛችሁ የመጣችሁትን፣ ያለባችሁን ዕዳ፣ የምትረዷቸውን ቤተሰቦች ጻፉ፤ እግዚአብሔር አብራችሁ ሳላችሁ የሚሰጣችሁን ግን አትከፋፈሉ። ሕጉ አራት ምስክሮች ይፈልጋል፤ ሁለት በሙሽራው፣ ሁለት በሙሽራዋ በኩል። የሚጸልዩላችሁ ሰዎች ይሁኑ። «በኋላ እናደርገዋለን» አትበሉ፤ ከተጋቡ በኋላ ባልና ሚስት የሚያደርጉት ውል ፍርድ ቤት ካላጸደቀው ዋጋ የለውም። ሳይቃጠል በቅጠል ነው።

ሕጉን አብራችሁ አንብባችሁ «ይበቃናል» ካላችሁ አለመፈረማችሁም መልካም ነው። መፈረም ግዴታ አይደለም። መነጋገር ግን ግዴታ ነው፤ ዝምታችሁን እምነት ብላችሁ አትጥሩት።

ያንን ጥያቄ የጻፍከው ወንድሜ፣ ይህ ከደረሰህ ሳቃችንን ይቅር በለን። እጮኛህንም አትተዋት። ዛሬውኑ ደውልላትና «ለምን ፈለግሽው?» ብለህ ጠይቃት። ሳታቋርጥ ስማት። ከዚያ አንተም ያለህንና ያለብህን ንገራት።