የዕረፍቷ ቅዳሜ ለማን ናት?

ጌታችን በዕለተ ዓርብ በመስቀል ላይ ነፍሱን በፈቃዱ ከሥጋው ከለየና በዮሴፍና በኒቆዲሞስ እጅ ተገንዞ ወደ መቃብር ከወረደ በኋላ ያለችውን ቅዳሜ ቤተ ክርስቲያናችን በሦስት ስም ትጠራታለች። ቅዳም ሥዑር ትባላለች፤ በሌላው ጊዜ እስከ ማታ የማይጾምባት ቅዳሜ በዚህች ዕለት በመጾሟ የቀድሞ ሥርዓቷ ተሽሯልና። ካህናት ቃጭል እያሰሙ ለምእመናን ቄጠማ ስለሚያድሉባት ለምለም ቅዳሜ ትባላለች። እግዚአብሔር ፍጥረትን ፈጽሞ በሰባተኛው ቀን እንዳረፈ፣ ጌታችንም የማዳን ሥራውን ፈጽሞ በሥጋው በመቃብር ያረፈባት ናትና ቅዱስ ቅዳሜ ትባላለች።

እንግዲህ ይህች የዕረፍት ዕለት በክርስቲያን ቤት እንዴት ትውላለች? አንባቢ ይህን ገጽ ገልጦ ሲያነብ ከማእድ ቤት የመክተፊያ ድምፅ ሳይሰማው አይቀርም። የቤቱ እመቤት ገና ሳይነጋ ተነሥታለች። ከዓርብ ጀምሮ እህል ውኃ አልቀመሰችም፤ አክፍላለች። ነገር ግን ሽንኩርቱ ገና አልተከተፈም፤ ቅቤው ገና አልተነጠረም፤ ዶሮው ታርዶ፣ ተገንጥሎ፣ በሎሚና በጨው ታጥቦ ዐሥራ ሁለቱ ብልት መውጣት አለበት። ደወሉ ሲደወል እግሯ አይቆምላትም።

ይህን የምጽፈው ሌላውን ለመክሰስ አይደለም። እኔ ራሴ ስንት ዓመት ነጠላዬን አጣፍቼ፣ ጧፌን ይዤ በማኅሌቱ ቆሜ አድሬ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ስመለስ የተዘረጋ ማዕድ ይጠብቀኝ ነበር። አንድ ትንሣኤ ስለ ሌሊቱ አገልግሎት በደስታ ሳወራላት ባለቤቴ ዝም ብላ ሰማችኝና፣ «የትንሣኤን ቅዳሴ ካስቀደስኩ እኮ ስድስት ዓመት ሆነኝ» አለችኝ። አልቈጠርኩም ነበር። በቤታችን የምታገለግለዋ ልጅ ደግሞ እኛ ጋ ከገባች ጀምሮ አንድም ትንሣኤ በቤተ ክርስቲያን አላደረችም። እርሷንማ ማንም አልጠየቃትም። በመንፈሳዊ ኮሌጅ ስለ ሰንበት ብዙ የተማርኩ ሰው ነኝ።

የተማርኩትም ይህን የሚመለከት ነበር። በሐዋርያት ስም የተላለፉልን የሥርዓት መጻሕፍት አገልጋዮች አምስት ቀን ሠርተው በቅዳሜና በእሑድ ለትምህርት ወደ ቤተ ክርስቲያን እንዲሄዱ ያዝዛሉ። በሰሙነ ሕማማትና በሚቀጥለው ሳምንትም ከሥራ እንዲያርፉ ይሠራሉ፤ ምክንያቱንም ሲገልጹ፣ መከራ የተቀበለውና የተነሣው ማን እንደ ሆነ ሊማሩ ይገባቸዋልና ይላሉ። ልብ እንበል፤ የታዘዘው ጌታው እንዲያርፍ ብቻ ሳይሆን አገልጋዩም እንዲያርፍ ነው። በአገራችንም አቡነ ኤዎስጣቴዎስ ስለ ቅዳሜ ሰንበት ክብር ሲከራከሩ ተሰደው በአርመን አገር ዐርፈዋል። ደቀ መዛሙርታቸው ብዙ ተንገላተዋል። ነገሩ የተወሰነው በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን በ1450 እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በደብረ ምጥማቅ በተደረገው ጉባኤ ሲሆን፣ ቅዳሜም ከእሑድ ጋር እንድትከበር ሆኗል። እነዚያ አባቶች የተሰደዱላትን ቅዳሜ፣ ያውም ከቅዳሜዎች ሁሉ የከበረችውን፣ እኛ ከዓመቱ ሁሉ የከበደች የሥራ ቀን አድርገናታል።

«ዲያቆን ከሃምሳ አምስት ቀን ጾም በኋላ ደረቅ ፋሲካ ሊያስበላን ነው ወይ?» የሚል አይጠፋም። አይደለም። ጌታ ማርታን የነቀፋት ስላስተናገደች አይደለም፤ በብዙ ነገር ስለ ተጨነቀች ነው። የዶሮ ወጡ ደስታ የተገባ ደስታ ነው። ነገር ግን ዶሮው፣ ክትፎው፣ አልጫው፣ የበጉ ጥብስ ሁሉ በአንድ ሌሊት እንዲደርስ ያዘዘ አባት የለም፤ ያዘዘን የጎረቤት ዓይን ነው። ጾም ያከፈለ ሰው ሆዱን በተልባ ማለስለሱም የቆየ ልማዳችን ነው። ለሌሊቱ ተልባውና ጥቂት ማባያ ይበቃል፤ ዶሮው እሑድ ረፋድ ላይ ቢደርስ በዓሉ አይጐድልም። ቅቤውን ማንጠር፣ ቅመሙን ማዘጋጀት ከሆሣዕና በፊት ሊያልቅ የሚችል ሥራ ነው።

ወንዶችስ? ማእድ ቤት መግባት የሚያሳፍረን ጥቂት አይደለንም። ይሁን እንጂ ለመሥዋዕቱ ኅብስት በቤተ ልሔም ሊጥ የምናቦካውና የምንጋግረው እኛው ዲያቆናት ነን፤ ለዚያ አገልግሎት ሴት አትገባም። በገዳማትም ወጡን የሚሠሩት መነኰሳቱ ናቸው። በቤተ ልሔም ያቦካ እጅ በቤቱ ሽንኩርት ቢከትፍ ክብሩ አይቀንስም፤ ዓይኑ ግን ያለቅሳል፤ ይህን በራሴ አይቻለሁ።

ካለፈው ዓመት ጀምሮ በቤታችን ቅዳም ሥዑር ከቀትር በኋላ ምድጃ አይነድድም። ልጅቱ ዓርብ ስግደቷን ሰግዳ፣ ቅዳሜ ከባለቤቴ ጋር ለቅዳሴው ትሄዳለች፤ ሕፃኑን የማስተኛው እኔ ነኝ፤ የማገለግለውም በዓመቱ ሌሎች በዓላት ሆኗል። አምና ሁለቱ ሲመለሱ ቤቱን ጧፍ አብርቼ ጠበቅኋቸው፤ ተልባውን በጥብጬ ነበር፤ ትንሽ ቀጠነ። አማቴ ግን እስከ ዛሬ አልተስማሙም። «ማለዳ እንግዳ ቢመጣ ምን ልታቀርቡለት ነው?» ይሉኛል።