ልጃችን መሮጥን ስለ ምን ያፍራል?

ልጄ ሰነፈ፤ ከተቀመጠበት አይነሣም እያሉ የሚያዝኑ ወላጆች በአዲስ አበባ ብዙዎች ናቸው። ይህ ኀዘን የእኛ ብቻ አይደለም። የዓለም የጤና ድርጅት ሊቃውንት የ146 አገሮችን ወጣቶች መርምረው በ2019 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጽሑፍ፥ ዕድሜያቸው ከ11 እስከ 17 ዓመት ከሆነው ከመቶው 81ዱ ሰውነታቸውን በሚገባ እንደማያንቀሳቅሱ ገልጸዋል፤ ከሴቶቹማ ከመቶው 85ቱ። የሚፈለገውም ልብን ፈጠን የሚያደርግ እንቅስቃሴ በቀን 60 ደቂቃ ያህል ብቻ ነው።

እኛ ግን ነገሩን ስንፍና ብለን ለመጥራት እንፈራለን። የ14 ዓመት ልጅ ቁመቱ በድንገት ይመዘዛል፤ እጅና እግሩም አልታዘዝ ይሉታል። በዚህ ጊዜ ኳስ ስቶ ባልንጀሮቹ አንድ ቀን የሳቁበት እንደ ሆነ፥ በማግሥቱ እግሬን አመመኝ ብሎ ከጥግ ይቀመጣል። ልጃገረዲቱም በመንገድ ስትሮጥ የሚወረወርባትን ቃል ፈርታ ከቤት ትቀራለች። ይህን ስንፍና የሚል ማነው?

አባትም ሊያበረታ አስቦ፥ አበበ ቢቂላ በ1952 ዓ.ም. በሮማ በባዶ እግሩ ሮጦ ማሸነፉን ያወሳበታል። ታሪኩ የሚያኮራ ነው፤ ሆኖም አንድ ኪሎ ሜትር ለማይዘልቅ ልጅ እንደ ተራራ ሆኖ ይታየዋል። ልጅ በራሱ የሚተማመነው ትናንት ያቃተውን ዛሬ ሲችል ነውና፥ በዚህ ሳምንት እስከ ሰፈሩ ቤተ ክርስቲያን፥ በሚመጣው ደግሞ ጥቂት አልፎ በእግሩ ይሂድ። አባቱም መኪናውን አቁሞ አብሮት ይውጣ፤ ቀድሞ የሚያለከልከው አባት መሆኑን ባየ ጊዜ ልጁ እንዴት እንደሚፈነድቅ እኛ በቤታችን አይተነዋል።