ዕቃ የመግዣ ጊዜው መቼ ነው?

ወጣት ወንድሜ ሆይ፤ በዘመናችን እንደ ጥበብ ተቆጥሮ የሚነገር አንድ ቃል አለ። ይኸውም፥ «ብር እየወደቀ ነውና ዛሬ ያልገዛ ነገ ይቆጨዋል» የሚል ነው። ይህ ቃል ግማሹ እውነት ስለ ሆነ ከፍጹም ሐሰት ይልቅ ያሳስታል። እንዴት እንደሚያሳስት በቤታችን ከደረሰው ልንገርህ።

እኔ የጅጋ ልጅ ነኝ። በ2015 ዓ.ም. የጌም ኮምፒውተር ለመገጣጠም ከደመወዜ ገንዘብ አጠራቅሜ ነበር። በዚያው ዓመት መስከረም ኢተሪየም የተባለውን ዲጂታል ገንዘብ በግራፊክስ ካርድ ማምረት ስለ ቀረ፥ ለዚያ ሥራ ተይዘው የነበሩት ካርዶች በየአገሩ ገበያ ፈሰሱ፤ የጠበቀም ሰው ተጠቀመ። እኔም ይህን አይቼ መጠበቅ ሁልጊዜ ያተርፋል ብዬ ደመደምሁ። «ትንሽ ብታገሥ የተሻለ ይወጣል» እያልሁም ዓመቱን አሳለፍሁ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፥ 57 ብር አካባቢ የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ገንዘቤ ቁጥሩ እንዳለ ሆኖ ጉልበቱ ተሰበረ። ትዕግሥት ያልሁት ነገር ሥሥት እንደ ነበረ ያን ጊዜ ገባኝ።

ታናሽ ወንድሜም ከእኔ ስሕተት ተማረ፤ የተማረው ግን ተገላቢጦሹን ነው። በ2018 ዓ.ም. መጀመሪያ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ማዕከሎች የዓለምን ራም እየጠቀለሉ ስለ ገዙ ዋጋው ናረ። ማይክሮን የተባለው ኩባንያም ክሩሺያል በሚል ስም ለተራው ሸማች ይሸጥ የነበረውን ንግድ እንደሚዘጋ በኅዳር ወር አስታወቀ። ወንድሜ ይህን በሰማ ጊዜ፥ «ጋሼ፥ አባባ በርበሬውን የሸጡበትን ገንዘብ ለምንልኝና ዛሬውኑ እንግዛ፤ ሠርቼ እመልሳለሁ» አለኝ።

ያ ገንዘብ ግን የማዳበሪያ ነበር። በ2015 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ ማዳበሪያ ጠፍቶ የክልላችን ገበሬ እንዴት እንደ ጮኸ እናስታውሳለን። በቆሎ ማዳበሪያ የሚሻበት ቀን አለው፤ ያ ቀን ካለፈ በኋላ ገንዘቡ እጥፍ ሆኖ ቢመለስ የቀጨጨውን አገዳ አያፋፋውም። እንግዲህ እውነተኛ የጊዜ ጉዳይ ይህ ነው። ኮምፒውተር ግን ዛሬ ባይገዛ የሚደርቅ ቡቃያ የለውም።

ወንድሜ፥ «ዕቃው ራሱ ሀብት ነው፤ ዋጋው ይጨምራል» ብሎ ተከራከረኝ። ብዙ ሰው የሚሰናከልበት ድንጋይ እዚህ ላይ ነው። ጊደር ትወልዳለች፤ ግራፊክስ ካርድ ግን አይወልድም፤ ያረጃል እንጂ። በብር ሲቆጠር ዋጋው ቢጨምር እንኳ ብዙ ጊዜ የወደቀው ብሩ ነው፥ የከበረው ዕቃው አይደለም። ስለዚህ ኮምፒውተር የሚገዛ ሰው ከገዛበት ቀን ጀምሮ ሊገለገልበት ይግዛ እንጂ ሀብት ላከማች ብሎ አይግዛ።

ለመገለገልም ቦታውን ማየት ይገባል። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ ነበር። ያለ ኢንተርኔት የማይከፈት ጌም በዚያን ጊዜ ለጅጋ ልጅ ምን ይረባው ነበር? መብራት በሚመላለስበት ቤትስ 300 ዋት የሚበላ ካርድ ከመግዛት በፊት የመብራቱን መዋዠቅ የሚያረጋጋ ስታቢላይዘር መግዛት አይቀድምምን?

ጨዋታን የምነቅፍ አይምሰልህ። አባቶቻችንም ገና መትተዋል፥ ገበጣ ተጫውተዋል። ለገና ዱላ ብሎ የእርሻውን በሬ የሸጠ ግን አልሰማሁም። እኔ በመጨረሻ ያደረግሁት ይህ ነው፤ በተረፈችኝ ገንዘብ ከቢሮ የወጣ ያገለገለ ኮምፒውተር ገዛሁ። ቆይቼም ከማዘርቦርዱ መሰኪያ የሚያገኘው 75 ዋት የሚበቃው ትንሽ ካርድ ጨመርሁበት። አዲሶቹን ጌሞች አይችልም፤ የቆዩትን ግን ያጫውታል፥ ወንድሜንም ፕሮግራም መጻፍ ያስተምረዋል።

ወንድሜ በእንቢታዬ ምክንያት አንድ ወር ሙሉ አኮረፈኝ። የተመኘው ኮምፒውተር ወደ ፊት ይብስ ይወደድ ይሆናል፤ ቢወደድም ቃሌን አላጥፍም። ገንዘቡ የራስህ ከሆነ፥ ዕቃውም ለዛሬው ሥራህ የሚበቃ ከሆነ፥ ጊዜው ዛሬ ነውና እንደ እኔ የነገን ርካሽ አትጠብቅ። ገንዘቡ የማሳው ከሆነ ግን፥ ገበያው በሙሉ «ፍጠን» ብሎ ቢጮህ ጊዜው ገና አልደረሰም።