ቁልቁለት ላይ ዜሮ ማርሽ ቁጠባ አይደለም

ጀመዓ፣ የነዳጅ ድጎማ በ2014 ክረምት መነሳት ጀመረ፤ በ2017 የቤንዚን ሊትር መቶ ብር ተሻገረ። ያውም በማደያ ዋጋ ነው፤ የጥቁር ገበያው ወሬ ሌላ ነው። የባጃጅም የሚኒባስም ሹፌር ጠብታ ቢቆጥብ ማን ይፈርድበታል?

ቁልቁለት ላይ ማርሽ ዜሮ አድርጎ፣ ይባስ ብሎም ሞተር አጥፍቶ መልቀቅን ግን ቁጠባ አትበሉኝ። ከድልብ ወደ ወልድያ የሚወርደውን ጥምዝምዝ አስቡት። ማርሽ ከገባ ሞተሩ ራሱ መኪናውን ይይዛል። ዜሮ ሲሆን ሸክሙ ሁሉ ፍሬን ላይ ያርፋል፤ ፍሬን ደግሞ ሲግል መያዝ ያቅተዋል። ሞተር ከጠፋማ የብዙ መኪና ፍሬን ይደድራል። የሚገርመው፣ በኢንጀክሽን የሚሠሩ ሞተሮች ማርሽ እንደገባ ነዳጅ መርገጫው ሲለቀቅ ቁልቁለቱን ነዳጅ ሳይወስዱ ይወርዳሉ፤ ዜሮ ላይ ግን እንዳይጠፉ ይጠጣሉ። አደጋም ኪሳራም!

ትርፉ ያለው ሌላ ቦታ ነው። ንፋሱ የጎደለ ጎማ መኪናውን ይጎትታል፤ ጠዋት ሳይግል አስለካው። ፊልትሮ አጽዳ። መነኸሪያ ተራ ስትጠብቅ ሞተር አጥፋ። ከሁሉ በላይ እግርህን አረጋጋ፤ ከወልድያ መርሳ እየበረሩ በየከተማው መግቢያ ፍሬን መያዝ የገዙትን ቤንዚን አስፋልት ላይ መድፋት ነው።

ተሳፋሪ አማና ነው። ከሀብሩ ቀበሌዎች ወደ መርሳ የምትወርዱ ወጣቶችም ዝም አትበሉ፤ ሹፌሩ ዜሮ ሲያደርግ ካያችሁ «ወንድም፣ ማርሽ አስገባ» በሉት።